ዘራችንን ስትጠይቁን ምክንያቱን ንገሩን፤ መልሳችን የት እንደደረሰም አሳዩን

ለወረዳችን የፌዴራል ፍርድ ቤት የጁሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ለጁሪ ከሚጠሩ ዜጎች ስለሚሰበሰበው የዘርና የማንነት መረጃ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኛ በኢትዮጵያ ተወልደን፣ ቃለ መሐላ ፈጽመን የአሜሪካ ዜጋ የሆንን፣ በዚህ ወረዳ የምንኖር ሰዎች ነን። የደብዳቤው የእንግሊዝኛ ቅጂ በአድራሻዎ ተልኮልዎታል። በአማርኛም ያወጣነው የጁሪ መጠይቅ፣ ማለትም በፍርድ ቤት ተቀምጠው ከሚፈርዱ ተራ ዜጎች መካከል ለመመረጥ የሚሞላው ቅጽ፣ ቤታቸው ደርሶ ምን እንደሚያደርጉበት ግራ የገባቸው ወገኖቻችን እንዲያነቡት ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ለመጻፍ ያነሣሣን በቅርቡ ከጽሕፈት ቤትዎ የወጣው ማስጠንቀቂያ ነው። የዘር ጥያቄውን ባዶ ትተው መጠይቁን የላኩ ሰዎች ቅጹ ተመልሶላቸዋል። አብሮት የመጣው ወረቀት በአሥር ቀን ውስጥ አሟልተው ካልላኩ ቀርበው እንዲያስረዱ እንደሚታዘዙ፣ እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጡና እስከ ሦስት ቀን ሊታሰሩ እንደሚችሉ ይዘረዝራል። ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ግን የለበትም። ወረቀቱ ከደረሳቸው አንዲት እናት ለልጆቻቸው እንኳን ሳይናገሩ ወደ እኛ ይዘውት መጡ፤ ተከስሼ ይሆናል ብለው ነበር። በተወለድንበት አገር ጁሪ የሚባል ሥርዓት የለም። ከፍርድ ቤት ወረቀት የሚመጣለት ሰው ወይ ከሳሽ ነው፣ ወይ ተከሳሽ፣ ቢበዛ ምስክር። ዳኛ ጎን ተቀምጠህ ፍረድ ተብሎ የሚጠራ ተራ ሰው አላየንም። ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም፤ ከተነገረው በኋላ ግን አላወቅሁም ማለት አይችልም።

የዘር ጥያቄውን አንቃወምም። እንዲያውም ጥያቄው እንዳይቀር ከሚፈልጉት ወገን ነን።

በ1880 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ጁሪ ሊሆኑ የሚችሉት ነጭ ወንዶች ብቻ ናቸው ይል የነበረውን የዌስት ቨርጂኒያ ሕግ ሽሯል። ሕጉ ተሻረ እንጂ ልማዱ ገና ብዙ ዘመን ኖረ። በጆርጂያ የነጮች ስም በነጭ ወረቀት፣ የጥቁሮች ስም በቢጫ ወረቀት እየተጻፈ አንድ ሣጥን ውስጥ ይከተትና ዳኛው «በዕጣ» ያወጣ ነበር። በ1953 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘንድ በደረሰው ክርክር፣ ከዚያ ሣጥን ከወጡት ስልሳ ሰዎች መካከል አንድም ጥቁር አልነበረም። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ከቴክሳስ የጃክሰን ካውንቲ ጉዳይ መጣ፤ በዚያ ካውንቲ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የሜክሲኮ ስም ያለው አንድም ሰው በጁሪ አልተቀመጠም። ማስረጃው ምን ነበር? ስም መቁጠር። በእኛ ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። ዳንኤል ዮሴፍ ወይም ሣራ ሰሎሞን የምትባል ሰው ከየት እንደመጣች ከስሟ ማን ያውቃል? በዚያ ላይ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ባልና ሚስት አንድ ቤት እየኖሩ መዝገብ ላይ ባዕድ ይመስላሉ። እኛ ከጁሪ ክፍል ብንጠፋ መጥፋታችን የሚታወቀው ራሳችን በቅጹ ላይ ከተናገርን ብቻ ነው።

የ1968ቱ የጁሪ ምርጫና አገልግሎት ሕግም የተወለደው ከዚህ ታሪክ ነው። ጁሪዎች የአካባቢውን ኅብረተሰብ በአግባቡ ከሚወክል ስብስብ በዕጣ እንዲመረጡ፣ ማንም ዜጋ በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ፣ በጾታው፣ በመጣበት አገር ወይም በኑሮ ደረጃው ምክንያት እንዳይገለል ያዝዛል። ይኸው ሕግ ቅጹ ራሱ ምን ማለት እንዳለበትም ደንግጓል፤ የዘር መረጃ የሚጠየቀው አድልዎን ለመከላከል ብቻ እንደሆነ፣ የሰውየውን ብቁነት እንደማይነካ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ትውልድ አገርና ስለ ኑሮ ደረጃ ግን መልስ መስጠት የማይፈልግ ሰው መተው እንደሚችል መጻፍ አለበት። ስለዚህ ማብራሪያ የምንጠይቀው ውለታ አይደለም።

ጥያቄውን ባዶ የተዉት ወገኖቻችንም በቸልተኝነት አይደለም። አገር ቤት ሳለን የምንይዘው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የምትል መስመር ነበረች። ዛሬ የሚሰጠው ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ይህን አይጠይቅም፤ እኛ ግን ይዘን የወጣነው የቀድሞውን ትዝታ ነው። መንግሥት ማን እንደሆንክ ሲጠይቅህ ደግ ነገር አስቦ አይደለም ብሎ ያደገ ሰው፣ ይህች አራት ማዕዘን ሣጥን ለእርሱ ጥበቃ የተሠራች መሆኗን በምን ይወቅ? እርስዎ ካልነገሩት ማንም አይነግረውም። የእርስዎ ወረቀት የነገረው ስለ ሦስት ቀን እስራት ነው።

ወደ ቅሬታዎቻችን እንግባ። ማብራሪያውን አንሥተናል፤ በኮምፒውተር በሚሞላው አዲሱ ቅጽ ላይ በሌላ ገጽ ተደብቋል ማለት ብቻ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን መረጃው ማን እጅ እንደሚገባ ነው። ከአባሎቻችን አንዱ ተጠርቶ በሄደበት የጁሪ ምርጫ ዕለት፣ ጠበቆቹ ፊት ለፊት በተዘረጋው ዝርዝር ላይ ከስሙ አጠገብ ዘሩ ተጽፎ አይቷል። ጥያቄ ሳይቀርብለት ተሰናበተ። የተሰናበተው በዘሩ ነው አንልም፤ ማረጋገጫ የለንም። ነገር ግን አድልዎን ለመከላከል ብቻ የተሰበሰበ መረጃ፣ ዕጩ ጁሪዎችን ምክንያት ሳይሰጡ የመሰረዝ መብት ባላቸው ተከራካሪዎች እጅ በዚያች ሰዓት ምን ይሠራል? ይህን ያህል ጠርጣሪዎች ያደረገን ያለፈው ነው። በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ የሰጠበትን ሌላ የጆርጂያ ጉዳይ እርስዎ ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። ዐቃብያነ ሕጉ በዝርዝሩ ላይ የጥቁር ዕጩዎችን ስም በአረንጓዴ ቀለም አቅልመው፣ በመጠይቆቹም ላይ የዘር መልሱን ከብበው ተገኝተዋል። ከ1953ቱ ቢጫ ወረቀት እስከዚህ አረንጓዴ ቀለም ያለው ልዩነት የቀለሙ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ይኸው መረጃ ባይኖር በደሉ አይታይም ነበር። በሚሲሲፒ አንድ ተከሳሽ በአንድ ወንጀል ስድስት ጊዜ ሲዳኝ፣ ዐቃቤ ሕጉ ሊሰርዛቸው ይችል ከነበሩት 42 ጥቁር ዕጩዎች 41ዱን ሰርዟል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 የጥፋተኝነት ውሳኔውን ሲሽር ከተመለከታቸው ነገሮች አንዱ ይህ ቁጥር ነበር። በዘር ምክንያት መሰረዝን የከለከለው የ1986ቱ ውሳኔም ቁጥር ካልተያዘ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነው። ስለዚህ የምንለው መረጃው ይጥፋ አይደለም። ጁሪው ከመመረጡ በፊት ለተከራካሪዎች አይሰጥ፤ ለመመርመር በሚያስፈልግበት ጊዜ ግን ይገኝ ነው። የጁሪው ስብስብ በትክክል አልተዋቀረም ብሎ መከራከር የሚፈልግ ተከሳሽ መዝገቡን የማየት መብት እንዳለው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 ወስኗል፤ ያንን እንደግፋለን። እርሱ ሌላ ነው፣ የምርጫው ዕለት ዝርዝር ሌላ።

ቀጣዩ ቅሬታችን የማይመለሱ ቅጾችን ይመለከታል። ጽሕፈት ቤትዎ ለጻፍንለት ጥያቄ በሰጠው አጭር መልስ «ከተመለሱት ቅጾች እንደምንረዳው ውክልናው አጥጋቢ ነው» ብሏል። የተመለሱት ቅጾች ስላልተመለሱት ምን ሊናገሩ ይችላሉ? የእኛ ሰው ተከራይ ነው። የኪራይ ውሉ ሲያልቅ ቤት ይቀይራል፣ መጠይቁ በአሮጌው አድራሻ ሄዶ ተቀባይ አጥቶ ይመለሳል። ሳጥኗ ባዶ የቀረችበትን ቅጽ ለማስሞላት ማስጠንቀቂያ ያዘጋጀ ጽሕፈት ቤት፣ ፖስታው ራሱ ሳይደርስ ስለቀረበት ሰው ምንም አልጻፈም።

ይህ ተራ የቢሮ ጉድለት እንዳይመስልዎ የሃርትፎርድን ጉዳይ እናንሣ። በኮኔክቲከት የፌዴራሉ ፍርድ ቤት የሃርትፎርድ ከተማ ነዋሪዎች ለዓመታት ለጁሪ አይጠሩም ነበር። ማንም በክፋት አልከለከላቸውም። ኮምፒውተሩ በከተማዋ ስም መጨረሻ ላይ ያለችውን «ዲ» ፊደል «ይህ ሰው ሞቷል» የሚል ምልክት አድርጎ ያነባት ስለነበር፣ ለሞተ ሰው ደግሞ መጠይቅ ስለማይላክ ነው። በዚያው ጊዜ የኒው ብሪተን ከተማ ነዋሪዎች ስምም ዕጣ ከሚወጣበት የስም ቋት ቀርቶ ነበር። የፍርድ ቤቱ የሃርትፎርድ ክፍል በሚሸፍነው አካባቢ ከሚኖሩት ጥቁሮችና ላቲኖች አብዛኞቹ በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች ይኖሩ ነበር። በ1992 በተሰጠው ውሳኔ ነገሩ እልባት ያገኘው የአንድ ተከሳሽ ጠበቆች የጥቁርና የላቲኖ ዕጩዎች ቁጥር አንሷል ብለው ስለተከራከሩ ነው። ማለትም አንድ ሰው ቆጥሮ ነበር። በሚሺጋን የኬንት ካውንቲ ኮምፒውተርም አንዳንድ ዚፕ ኮዶችን እየዘለለ ለወራት መጥሪያ ሲያወጣ ኖሯል፤ እዚያም ይበልጥ የተጎዱት ጥቁሮች የሚበዙባቸው ሰፈሮች ነበሩ። የእኛ ወረዳ ኮምፒውተር ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ጤነኛ መሆኑን የምናውቀው ግን የተላከውን፣ ተቀባይ ያጣውንና የተመለሰውን በየዚፕ ኮዱ ስታሳዩን ነው።

ከዚሁ ጋር የስም ቋቱ ዕድሜ አለ። ሕጉ ቋቱ ቢበዛ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ተራግፎ እንደገና እንዲሞላ ያዝዛል። ጽሕፈት ቤትዎ ጣሪያውን ይጠቀማል፤ የሚሞላውም ከመራጮች መዝገብ ብቻ ነው። ቋቱ በተሞላ ማግስት ቃለ መሐላ ፈጽሞ ለመምረጥ የተመዘገበ ሰው አራት ዓመት ያህል አይጠራም ማለት ነው። አዲስ ዜጎች በብዛት የሚገኙበት ማኅበረሰብ በዚህ ከሌላው ይበልጥ ይጎዳል። ሕጉ በሚያስፈልግበት ጊዜ ሌሎች ዝርዝሮችን መጨመር ይፈቅዳል፤ የመንጃ ፈቃድ መዝገብ አለ። ለምን አይጨመርም?

እንግሊዝኛ መቻልን ስለሚመለከተው የቅጹ ጥያቄ አጭር ነገር እንናገራለን፤ ነገሩ ራሱ ግልጽ ነው። ሕጉ የሚለው ቅጹን በአጥጋቢ ሁኔታ ለመሙላት የሚበቃ ማንበብ፣ መጻፍና መረዳት፣ እንዲሁም መናገር የሚችል ሰው ነው። ስለ አነጋገር ዘዬ የሚለው ነገር የለም። በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ስለ ቀጠሮው ለመጠየቅ ስልክ ደወለች፤ ያነሣችው ሠራተኛ አነጋገሯን ሰምታ «ቋንቋው ካስቸገረሽ አልችልም የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ» ብላ መከረቻት። ይህች ነርስ በእንግሊዝኛ ለሐኪም ሪፖርት ታቀርባለች፣ የሰው ሕይወት የሚያድን መድኃኒት መጠን ታሰላለች። ምክሩ በቅንነት ተሰጥቶ ይሆናል። ውጤቱ ግን አንዲት ብቁ ዜጋ ሕጉ በማያውቀው ምክንያት ወጣች፣ በመዝገብዎ ላይም በራሷ ቃል ብቁ እንዳልሆነች ተጽፎ ቀረ።

የመጨረሻው ሣጥኑ ራሱ ነው። ቅጹ ላይ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» የሚል አንድ ሣጥን አለ። ከእኛ አንዳንዱ እርሱን ይሞላል፣ አንዳንዱ «ሌላ» የሚለውን መርጦ ጎኑ ላይ ኢትዮጵያዊ ብሎ ይጽፋል። ጽሕፈት ቤትዎ «ሌላ» ያሉትን የት እንደሚደምራቸው ጠይቀን መልስ አላገኘንም። እዚህ ላይ ለወገኖቻችንም አንድ ቃል አለን። «እኛ ጥቁር አሜሪካዊ አይደለንም» እያሉ ያንን ሣጥን የሚዘሉ አሉ፤ አንስማማም። ዛሬ በዚህ ፍርድ ቤት በጁሪ ወንበር ልንቀመጥ የቻልነው የጥቁር አሜሪካውያን ተከሳሾችና ጠበቆች መቶ ዓመት ስለተከራከሩ ነው፤ በአረንጓዴ የሚያቀልም ሰውም ከየት መጣችሁ ብሎ አይጠይቅም። ሣጥኑን ሙሉ፤ ከዚያ በታች ኢትዮጵያዊነታችሁን የምትጽፉበት ቦታ ጠይቁ። ቦታው ደግሞ አዲስ ፈጠራ አይደለም። የፌዴራል መንግሥቱ የአስተዳደርና በጀት ጽሕፈት ቤት በመጋቢት 2024 ባሻሻለው የዘር መረጃ አሰባሰብ መመሪያ፣ በጥቁር ሥር ከሚዘረዘሩት መካከል ኢትዮጵያዊና ሶማሌ የሚሉ አሉ። መመሪያው የሚመለከተው የአስፈጻሚውን መሥሪያ ቤቶች ስለሆነ ፍርድ ቤትን አያስገድድም። መንገዱ ግን ተጠርጓል።

ለወገኖቻችን ሌላም አለን። ከሥራ መቅረት ስለሚከብዳቸው «ዜጋ አይደለሁም» በሚለው ላይ ምልክት የሚያደርጉ ዜጎች እንዳሉ ሰምተናል። በፌዴራል ፍርድ ቤት በቀን የሚከፈለው 50 ዶላር ለታክሲ ነጂ የግማሽ ቀን ገቢ እንደማይሆን እናውቃለን። ቢሆንም ቅጹ በመሐላ የሚፈረም ነው፤ እውነተኛ ችግር ያለበት ሰው ችግሩን ጽፎ ጊዜው እንዲዛወርለት ይጠይቅ። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ገና ዜጋ ያልሆናችሁ ደግሞ መጥሪያ ስለደረሳችሁ ብቻ «ዜጋ ነኝ» እንዳትሉ። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር እስከማስወጣት የሚያደርስ ጥፋት ነው።

ክቡር ሆይ፣ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ማስጠንቀቂያው ይነሣና በምትኩ ጥያቄው ለምን እንደሚጠየቅ፣ የትኛው መልስ ግዴታ የትኛው በፈቃድ እንደሆነ የሚያስረዳ ወረቀት ይላክ፤ ማብራሪያውም ከዘር ጥያቄው በላይ፣ እዚያው ገጽ ላይ ይሁን። ቅጹ በእንግሊዝኛ መሞላት እንዳለበት እናውቃለን፤ የማብራሪያው ወረቀት ግን በአማርኛና በወረዳው በሚነገሩ ሌሎች ቋንቋዎች ቢወጣ የሚከለክል ሕግ የለም። ትርጉሙን ኮሚቴያችን ያለ ክፍያ ይሠራል።

የዘር መልሶች በምርጫው ዕለት ለተከራካሪዎች ከሚሰጠው ዝርዝር እንዲለዩ በፍርድ ቤቱ የጁሪ ምርጫ ዕቅድ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ። መረጃው ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚተላለፍና እንደማይተላለፍ በግልጽ ይነገረን፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤትን ጨምሮ።

የተላኩ፣ ተቀባይ ያጡ፣ የተመለሱና ብቁ የተባሉ ቅጾች ብዛት በየዚፕ ኮዱና በየዘሩ ተለይቶ፣ ከሕዝብ ቆጠራው ጋር ተነጻጽሮ በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ። የግለሰብ ስም አንፈልግም።

የስም ቋቱ በየሁለት ዓመቱ ይታደስ፣ የመንጃ ፈቃድ መዝገብም ይጨመርበት። ተቀባይ አጥቶ ለተመለሰ ፖስታ አድራሻው ተጣርቶ ሁለተኛ ይላክ።

ስልክ የሚያነሡ ሠራተኞች ማንንም በአነጋገሩ ብቻ ብቁ አይደለህም ብለው እንዳይመክሩ መመሪያ ይሰጣቸው። «ሌላ» ብለው የጻፉ ሰዎች የት እንደሚቆጠሩም በጽሑፍ ይገለጽልን፣ ከጥቁር ሣጥኑ ሥርም ዝርዝር መጻፊያ ቦታ ይከፈት።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በስልሳ ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። መልሱን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ለማኅበረሰባችን እናሰራጫለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በወረዳው የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን የሕግ ጉዳዮች ኮሚቴ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ
ለፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት
ለዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት